ኮርቲሶል፣ የልብ ምት፣ ፀጉር ወይስ መጠይቅ? ለድንገተኛ አደጋ ሠራተኞች የውጥረት መለኪያ አመራረጥ

የእሳት አደጋ፣ የአምቡላንስ ወይም የፖሊስ ቡድን የሚመራ ሰው «ሠራተኞቼ ምን ያህል ውጥረት ላይ እንዳሉ በምርመራ ማወቅ እችላለሁ?» ብሎ ሲጠይቅ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ የአንድ መሣሪያ ወይም የአንድ ሆርሞን ስም ነው። መቅደም ያለበት ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ማወቅ የተፈለገው የየትኛው ጊዜ ውጥረት ነው? ዛሬ ከሰዓት የመጣ ጥሪ በደቂቃዎች ውስጥ ያስከተለው? የዚህ ሳምንት የፈረቃ ድካም? ያለፉት ሦስት ወራት ጫና? ወይስ የዓመታት ጥርቅም? እያንዳንዱ አመልካች የሚቆጥረው የራሱን ሰዓት ነው። ለደቂቃ የተሠራውን ለወራት ጥያቄ ያዋለ ሰው ገንዘቡን ጨርሶ ትርጉም የሌለው ሠንጠረዥ ይዞ ይቀራል።

ሰውነት ለጫና የሚሰጠው ምላሽ በሁለት መንገድ ይሄዳል። ፈጣኑ በነርቭ የሚመጣው ነው፤ አድሬናሊንና ኖርአድሬናሊን ይለቀቃሉ፣ ልብ በሰከንዶች ውስጥ ይፈጥናል፣ ላብ ይመጣል። ዝግ ያለው ደግሞ ከአንጎል ሃይፖታላመስ ተነስቶ በፒቱታሪ ዕጢ በኩል ከኩላሊት በላይ ወደተቀመጠው አድሬናል ዕጢ የሚወርደው ትእዛዝ ነው። ውጤቱ ኮርቲሶል ሲሆን በምራቅ ውስጥ ጣሪያ የሚነካው ጫናው ከጀመረ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቆይቶ ነው። ስለዚህ አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ቦታው ላይ ደርሶ ከመኪና እንደወረደ ምራቅ ቢሰጥ ኮርቲሶሉ ገና ስላላየው እሳት አይናገርም፤ የሚናገረው ከግማሽ ሰዓት በፊት ስለነበረበት ሁኔታ ነው።

ጽናትን በተመለከተ አንድ ነገር ከወዲሁ ግልጽ ይሁን። «ይህ ሰው ጽኑ ነው» የሚል አንድም የደም ወይም የምራቅ ቁጥር የለም። ጽናት የሚታየው ከጫና በኋላ ወደ ቀድሞ ሁኔታ በመመለስ ነው፤ ምን ያህል ቶሎና ምን ያህል ሙሉ በሙሉ ተመለሰ በሚለው። በጥሪ ላይ ልቡ ያልፈጠነ ሠራተኛ ጽኑ ነው ማለት አይደለም፤ መፍጠን ሲገባው ፈጥኖ ከዚያ የሚረጋጋው ነው ጤናማው። ይህ ማለት ጽናትን ለማጥናት ያው ሰው ቢያንስ ከጫናው በፊት አንዴ፣ ከጫናው በኋላ ደግሞ ከአንድ ጊዜ በላይ መለካት አለበት። አንድ ጊዜ ብቻ የተወሰደ ናሙና፣ ምርመራው የቱንም ያህል ውድ ቢሆን፣ ስለ ጽናት የሚለው ነገር የለም።

የምራቅ ኮርቲሶል

በብዛት የሚመረጠው ይህ ነው፤ በብዛት የሚበላሸውም ይኸው ነው። የሚመረጥበት በቂ ምክንያት አለ። መርፌ አይጠይቅም፣ ሠራተኛው ቤቱ ሆኖ ራሱ ናሙና መውሰድ ይችላል፣ የሚለካውም ነፃውን ኮርቲሶል ነው። በደም ውስጥ ካለው ኮርቲሶል አብዛኛው ከተሸካሚ ፕሮቲን ጋር የተጣበቀ ነው። የወሊድ መከላከያ እንክብል የምትወስድ ሴት ይህ ፕሮቲን ስለሚጨምርባት ጠቅላላ የደም ኮርቲሶሏ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ውጥረት አለባት ማለት ግን አይደለም። ለዚህ ሥራ የደም ኮርቲሶልን የማንመክረው በዚህ ምክንያት ነው፤ መርፌው ራሱ የሚያመጣው ድንጋጤም ሳይረሳ።

ኮርቲሶል ጠዋት ከፍ፣ ማታ ዝቅ ይላል። ከዚህ የዕለት ዑደት በተጨማሪ ሰው ከእንቅልፉ ሲነቃ በመጀመሪያዎቹ ከ30 እስከ 45 ደቂቃዎች ውስጥ ለብቻው የሚታይ ጭማሪ አለ፤ በጤነኛ ሰው ብዙውን ጊዜ ወደ ግማሽ የሚጠጋ ነው። በውጥረት ጥናት ውስጥ የሚፈለገው በአብዛኛው ይህ የንቃት ጭማሪ ነው። በፖሊስ ምልምሎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት በሥልጠና ወቅት የንቃት ጭማሪያቸው ከፍ ያለ ምልምሎች በኋላ በሥራ ላይ አሰቃቂ ነገር ሲገጥማቸው የመደንዘዝና የድንገተኛ ውጥረት ምልክቶችን በብዛት ማሳየታቸውን ዘግቧል። ተስፋ ሰጪ ነው፤ ግን የቡድን ውጤት እንጂ የአንድን ግለሰብ ዕጣ የሚነግር አይደለም።

ችግሩ ሰዓቱ ላይ ነው። አንድ ሠራተኛ ሲነቃ 10፣ በ15ኛው ደቂቃ 13፣ በ30ኛው 16፣ በ45ኛው 14 ናኖሞል በሊትር አለው እንበል። ዓይኑ እንደተገለጠ ጀምሮ በ30 ደቂቃ ከደገመ ጭማሪው 6 ነው። አልጋው ላይ 15 ደቂቃ ተገላብጦ ከጀመረ ግን የመጀመሪያው ናሙናው 13፣ ከ30 ደቂቃ በኋላ የሚሰጠው ደግሞ 14 ይሆናል፤ ጭማሪው 1 ብቻ። በወረቀት ላይ ይህ ሰው ምላሹ የሞተ፣ የዛለ ሠራተኛ ይመስላል። ያደረገው ግን መዘግየት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የባለሙያዎች የጋራ መመሪያም ሠራተኛው በጻፈው ሰዓት ላይ ብቻ መተማመን እንደማይበቃ ያስገነዝባል። የንቃት ሰዓቱ በእጅ አንጓ የእንቅስቃሴ መመዝገቢያ፣ የናሙናው ሰዓት ደግሞ ክዳኑ ሲከፈት በሚመዘግብ ጠርሙስ ወይም ሰዓት ባለበት ፎቶ መረጋገጥ አለበት።

ናሙናው የሚወሰደው ዓይን እንደተገለጠ፣ ከዚያ በ30ኛውና በ45ኛው ደቂቃ፣ አንድ ደግሞ ማታ ከመተኛት በፊት ነው። እስከ 45ኛው ደቂቃ ድረስ ከውኃ በቀር ምግብ፣ ቡና፣ ሲጋራ፣ የጥርስ ብሩሽም የለም። ብሩሽ የሚከለከለው ድድ ስለሚያደማ ነው፤ በደም ውስጥ ያለው ኮርቲሶል ከምራቁ ብዙ እጥፍ ስለሆነ ትንሽ ደም ውጤቱን ያዛባል። ምራቁ ሳይታኘክ፣ አፍ ውስጥ ተጠራቅሞ ወደ ፕላስቲክ ቱቦ ቢወርድ ይመረጣል፤ 1 ሚሊ ሊትር ይበቃል። የጥጥ ጥቅል ምቹ ነው፤ ግን እንደ ዲኤችኢኤና ቴስቶስቴሮን ያሉ ሌሎች ሆርሞኖችን ከዚያው ናሙና መለካት ከታሰበ ጥጡ ውጤቱን ያዛባል። ናሙናው ለጥቂት ቀናት በቤት ማቀዝቀዣ ቢቆይ ችግር የለውም፤ ከዚያ በኋላ በዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀመጥ። ላቦራቶሪው የአንድን ሰው ናሙናዎች በሙሉ በአንድ ሳህን (ብዙ ናሙናዎች አብረው በሚመረመሩበት ባለ ጉድጓድ ሰሌዳ) ላይ፣ እያንዳንዱንም ሁለት ሁለት ጊዜ እንዲሠራ በውል ውስጥ ይጻፍ። የጥርና የሰኔ ናሙናዎች በተለያዩ ሳህኖች ከተሠሩ የሚታየው ልዩነት የሰውየው ይሁን የሳህኑ መለየት ያስቸግራል።

አንድ ጠዋት አይበቃም። ኮርቲሶል ከቀን ቀን ስለሚዋዥቅ ለቡድን ንጽጽር ቢያንስ 2 ቀን ያስፈልጋል፤ የአንድን ሰው ቋሚ ባሕርይ ለማወቅ 6 ቀን ገደማ ይጠይቃል። ይህ ሲሰላ ለ30 ሰው፣ በቀን 4 ናሙና፣ በ6 ቀን 720 ቱቦ ነው። ምርጫው ላይ የሚያከራክረው ብዙ ጊዜ ይህ ቁጥር ነው።

የፈረቃ ሠራተኛ ደግሞ ተጨማሪ ጣጣ አለበት። በጣቢያ ውስጥ ተኝቶ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ በደወል የተነሳ ሰው የንቃት ጭማሪው ከደወሉ ድንጋጤና ከሩጫው ጋር ይቀላቀላል፤ የቀን እንቅልፍ ተኝቶ የነቃውም የጠዋቱን ዓይነት ጭማሪ ላያሳይ ይችላል። ስለዚህ የንቃት ናሙና የሚወሰደው በእረፍት ቀን፣ ሌሊቱን በቤት ከተተኛ በኋላ ነው፤ የመጨረሻው የሌሊት ፈረቃ መቼ እንደነበርም አብሮ ይመዝገብ። የሃይድሮኮርቲሶን ቅባት፣ የአስም መንፊያ ስቴሮይድና ፕሬድኒሶሎን የሚጠቀሙ ሠራተኞች ተለይተው ይታወቁ። ፕሬድኒሶሎን በተለመደው የፀረ-እንግዳ አካል ምርመራ ላይ ራሱን ኮርቲሶል አስመስሎ ሊቆጠር ይችላል፤ ከዚህ የሚያድነው ሞለኪውሎችን በክብደታቸው በሚለየው በማስ ስፔክትሮሜትሪ የሚሠራ ላቦራቶሪ ነው።

ውጤቱ ሲነበብ «ከፍ ካለ ውጥረት፣ ዝቅ ካለ ሰላም» የሚለው ደንብ አይሠራም። ከአሰቃቂ ገጠመኝ በኋላ የሚመጣው ፒቲኤስዲ ያለባቸው ሰዎች በአንዳንድ ጥናቶች ዝቅተኛ ኮርቲሶል አሳይተዋል፣ በሌሎች ምንም ልዩነት አልታየም። ረዥም ጫና መጀመሪያ ከፍ አድርጎ በኋላ ሊያደበዝዘው ይችላል። ቀኑን ሙሉ ጠፍጣፋ የሆነና ማታ የማይወርድ ኮርቲሶል ከአንድ የጠዋት ከፍታ ይልቅ ትኩረት ይገባዋል።

የፀጉር ኮርቲሶል

የወራት ጥያቄ ላለው ምራቅን ትቶ ፀጉር መቁረጥ ይሻለዋል። የራስ ፀጉር በወር 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚያድግ ከቆዳው አጠገብ ያለው 3 ሴንቲ ሜትር ያለፉትን 3 ወራት በግምት ይወክላል። ሌሊት ሠራ፣ ቀን ተኛ፣ ስንት ሰዓት ነቃ የሚለው ጣጣ ሁሉ ይቀራል። ፈረቃ ላላቸው ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ከዚህም የተነሳ ለፈረቃ ለውጥ ግምገማ የመጀመሪያ ምርጫችን ነው።

የሚቆረጠው ከራስ ቅል በስተኋላ፣ ከአናት ዝቅ ብሎ ካለው ቦታ ነው፤ እዚያ ያለው ፀጉር እድገቱ የተስተካከለ ነው። እንደ እርሳስ ውፍረት ያለው ጉንጉን በክር ታስሮ ቆዳውን ተጠግቶ በመቀስ ይቆረጥ፤ የቆዳው ጫፍ የቱ እንደሆነ ካልተመለከተ ናሙናው ዋጋ የለውም። በአሉሚኒየም ወረቀት ተጠቅልሎ በጨለማ፣ በክፍል ሙቀት ይቀመጣል፤ ማቀዝቀዣ አያስፈልግም። ላቦራቶሪው በአይሶፕሮፓኖል ያጥበዋል፣ በሜታኖል ሆርሞኑን ያወጣል፣ ውጤቱን በፒኮግራም በሚሊግራም ይጽፋል።

ድክመቱም ግልጽ ነው። ፀጉሩን በማሽን የሚላጭ ሠራተኛ ናሙና የለውም፣ በዚህ ሙያ ደግሞ የሚላጩት ብዙ ናቸው። የሰውነት ፀጉር እድገቱ የተለየ ስለሆነ በምትኩ አይገባም። ቀለምና ማንጫ ኮርቲሶሉን ይቀንሱታል፤ ተደጋጋሚ መታጠብም እንዲሁ፣ በተለይ ከቆዳው የራቀውን። ስለዚህ ከ6 ሴንቲ ሜትር በላይ ሄዶ «የዓመቱን ታሪክ እናንብብ» ማለት አያዋጣም። ክብደት የጨመረ ሰው የፀጉር ኮርቲሶሉም ከፍ የማለት ዝንባሌ ስላለው ቁመትና ክብደት አብሮ ይለካ። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ውስጥ የበቀለው ፀጉር ገና ከቆዳ ስር ነው፤ ትናንት የደረሰ አደጋ ዛሬ በተቆረጠ ፀጉር አይታይም።

የልብ ምት ልዩነት

በተከታታይ ምቶች መካከል ያለው ጊዜ እኩል አይደለም፤ ጤናማ ልብ ሲያርፍ በትንፋሽ እየተመራ ይለዋወጣል። ይህን የሚያደርገው በዋናነት ቬገስ የሚባለው የማረጋጊያ ነርቭ ነው። ከጫና በኋላ መመለስን በየቀኑ፣ ያለ ናሙና፣ ያለ ላቦራቶሪ መከታተል ለሚፈልግ ቡድን ከዚህ የተሻለ አመልካች የለም።

ከብዙ ስሌቶቹ ውስጥ አርኤምኤስኤስዲ የሚባለው ይመረጥ፤ የተከታታይ ምቶች ጊዜ ልዩነት ካሬ አማካይ ሥር ነው፣ በሚሊሰከንድ ይጻፋል። ኤልኤፍ/ኤችኤፍ የተባለውን (የምት ክፍተቱ ዝግተኛ መዋዠቅ ለፈጣኑ) ጥምርታ «የውጥረትና የመረጋጋት ሚዛን» አድርገው የሚሸጡ መሣሪያዎች አሉ። ይህ ትርጓሜ በሳይንሱ ውስጥ ተቀባይነቱን አጥቷል፤ ሰው በደቂቃ ከ9 ጊዜ ባነሰ ፍጥነት በዝግታ ሲተነፍስ ብቻ እንኳ ጥምርታው ይገለበጣል። ሌላው የተለመደ ስሕተት ኤስዲኤንኤን (የሁሉም ምት ክፍተቶች የመዋዠቅ ልክ) ከ50 ሚሊሰከንድ ካነሰ አደጋ ነው የሚለውን ድንበር በ5 ደቂቃ ቅጂ ላይ መጠቀም ነው። ያ ድንበር የመጣው ከድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ከተረፉ ሕሙማን የ24 ሰዓት ቅጂ ነው።

አለካኩ ቀላል ነው፤ የሚፈልገው ሥርዓት ነው። ጠዋት ከእንቅልፍ ሲነቁ፣ ሽንት ከተሸና በኋላ፣ ቡና ሳይቀመስ፣ ተቀምጦ አንድ ደቂቃ መረጋጋት፣ ከዚያ 5 ደቂቃ መቅዳት። ሁልጊዜ ያው አቀማመጥ ይሁን። በጣም ጠንካራ የአካል ብቃት ያላቸው ሠራተኞች ተኝተው ሲለኩ ልባቸው እጅግ ስለሚዘገይ ቁጥሩ ጣሪያ ይነካና ለውጡ ይደበቃል፤ ለእነርሱ መቀመጥ የተሻለ ነው።

የአንድ ምት ስሕተት ምን እንደሚያደርግ ይታይ። ልቡ በየ900 ሚሊሰከንድ የሚመታ ሰው በ5 ደቂቃ 333 ያህል ምት አለው፤ እውነተኛው አርኤምኤስኤስዲ 40 ነው እንበል። መሣሪያው አንድ ምት ቢዘል አንድ የ1800 ሚሊሰከንድ ክፍተት ይፈጠራል፤ ከፊቱም ከኋላውም የ900 ልዩነት ይመጣል። እነዚህ ሁለት ልዩነቶች ብቻ ውጤቱን ከ40 ወደ 80 ገደማ ያወጡታል። ከሦስት መቶ ምቶች አንዱ ተስቶ የደከመው ሠራተኛ በደንብ ያረፈ ሆኖ ይመዘገባል። ስለዚህ የደረት ቀበቶ ወይም ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ መመዝገቢያ) ከእጅ ሰዓት ይመረጣል፤ የቀበቶው ጎማ በውኃ ይርጠብ፣ ጥሬው የምት ክፍተት ወጥቶ በዓይን ይታይ። የእጅ ሰዓት በብርሃን የደም ፍሰትን ስለሚያይ ሲንቀሳቀሱ፣ ሲበርድና ሲላላ ይሳሳታል፤ በእንቅልፍ ሰዓት ግን በቂ አገልግሎት ይሰጣል። የሰዓቱን «የውጥረት ነጥብ» ብቻ የሚያሳይና ጥሬ መረጃውን የሚደብቅ መሣሪያ አይገዛ። ስሌቱ ምስጢር ነው፤ ሶፍትዌሩ በዓመቱ አጋማሽ ሲታደስ ሠራተኛው ሳይለወጥ ቁጥሩ ይለወጣል።

በጥሪ ላይ፣ ጭንብልና የአየር ሲሊንደር ተሸክሞ ደረጃ የሚወጣ ሰው ላይ ይህን መለካት ትርፉ ድካም ነው። የአካል ሥራው፣ ሙቀቱና የፈሳሽ ማነሱ ብቻ አርኤምኤስኤስዲውን ወደ ታች ያወርዱታል፤ የአእምሮ ውጥረት የቱ ጋ እንደሆነ አይለይም። የሚጠቅመው በማግሥቱና በሦስተኛው ቀን ጠዋት ያለው ነው።

አንዱን ሠራተኛ ከሌላው ጋር ማወዳደር አይገባም፤ ዕድሜና ውርስ ሰፊ ልዩነት ይፈጥራሉ። እያንዳንዱ ከራሱ መነሻ ጋር ይወዳደር። ለሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ጠዋት ጠዋት ይለካና የየዕለቱ ቁጥር ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም ይወሰድ (45 ሚሊሰከንድ 3.81 ይሆናል)፤ አማካዩና የመዋዠቅ ልኩ ይሰላ። ከዚያ በኋላ የሚታየው የ7 ቀን አማካይ ነው። አማካዩ 3.81፣ መዋዠቁ 0.15 የሆነ ሰው የሳምንት አማካዩ ከ3.66 በታች ወርዶ ከሳምንት በላይ ከቆየ ማነጋገር ይገባል። ከዚያ በፊት ግን ጉንፋን፣ አልኮል፣ ከባድ ስፖርትና አዲስ መድኃኒት ይጠየቁ። ቤታ ብሎከር (ልብን የሚያዘገይ መድኃኒት) የሚወስድ ሰው ልዩነቱ ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል፤ የተረጋጋ መስሎ እንዳያሳስት።

አልፋ-አሚሌስ

ስታርችን የሚፈጨው ይህ የምራቅ ኢንዛይም የፈጣኑ መንገድ መስኮት ነው፤ በደቂቃዎች ውስጥ ወጥቶ ቶሎ ይወርዳል። ለሥልጠና ልምምድ፣ ለምሳሌ በጭስ ክፍል ውስጥ የማዳን ልምምድ በፊት፣ ወዲያው እንዳበቃና ከ20 ደቂቃ በኋላ፣ ከኮርቲሶል ጋር ተጣምሮ ጥሩ ሥዕል ይሰጣል። ማኘክና የምራቅ ፍሰት ስለሚያናውጡት የተጠራቀመበት ደቂቃና መጠን ይመዝገብ፤ የአካል ሥራም ብቻውን ከፍ ያደርገዋል። ከልምምድ ውጭ አንመክረውም።

ደም፦ ሲአርፒና የጫና ጥርቅም መለኪያ

ሲአርፒ ዝግ ያለ የብግነት አመልካች ነው። ከልብ በሽታ አንፃር ከ1 ሚሊግራም በሊትር በታች ዝቅተኛ፣ ከ1 እስከ 3 መካከለኛ፣ ከ3 በላይ ከፍተኛ ሥጋት ይባላል። ከ10 በላይ ከሆነ ኢንፌክሽን ወይም ጉዳት ሊኖር ስለሚችል ከሁለት ሳምንት በኋላ ይደገም እንጂ ለውጥረት አይቆጠር። ለእሳት አደጋ ሠራተኞች ሌላ ጥንቃቄ አለ፤ የሚተነፍሱት ጭስ ራሱ ብግነት ያስነሳል። ከትልቅ ቃጠሎ ማግሥት የተወሰደ ሲአርፒ ስለ ሳንባቸው እንጂ ስለ ሐሳባቸው ላይናገር ይችላል።

ሲአርፒን ብቻውን ከመውሰድ ይልቅ ለዓመታት ጥያቄ የሚሻለው የጥርቅም መለኪያው፣ ማለትም ረዥም ጫና በሰውነት ላይ የተወውን አሻራ ከብዙ ምርመራዎች በአንድ ነጥብ የሚደምረው ነው። የመጀመሪያው ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ሲሆን 10 ነገሮችን ይይዛል። ላይኛውና ታችኛው የደም ግፊት፣ የወገብና የዳሌ ጥምርታ፣ ኤችዲኤል (ጥሩ የሚባለው ኮሌስትሮል)፣ የጠቅላላ ኮሌስትሮል ለኤችዲኤል ጥምርታ፣ ለረዥም ጊዜ የስኳር መጠን የሚታየው ሄሞግሎቢን ኤ1ሲ፣ ዲኤችኢኤ-ኤስ (የዲኤችኢኤ ሆርሞን በደም የሚለካ ዓይነት)፣ በሽንት የሚለኩት ኮርቲሶል፣ አድሬናሊንና ኖርአድሬናሊን ናቸው። እያንዳንዱ መጥፎው ሩብ ውስጥ ከገባ 1 ነጥብ ይሰጣል፤ ኤችዲኤልና ዲኤችኢኤ-ኤስ መጥፎ የሚሆኑት ሲያንሱ መሆኑ እንዳይረሳ። ከሽንቱ በቀር አብዛኛው በዓመታዊ የጤና ምርመራ ላይ ያለ ነው፤ ይህ ትልቁ ጥቅሙ ነው። ወጥመዱ ግን «መጥፎው ሩብ» በየዓመቱ እንደገና ከቡድኑ ከተሰላ ሁልጊዜ ሩብ ያህሉ ሰው መጥፎ ይሆናል፤ ቡድኑ ቢሻሻልም ቢብስም አይታይም። የመጀመሪያው ዓመት ድንበር ተጽፎ ይቆለፍ፤ ወይም የሕክምና ድንበሮች ይወሰዱ። በሥራ ላይ ከሚሞቱ የአሜሪካ እሳት አደጋ ሠራተኞች 45 በመቶ ያህሉን የሚገድለው የልብ በሽታ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ጥናት ስላሳየ፣ ስለ ውጥረት ምንም ባይነግረን እንኳ ይህ ምርመራ ለሠራተኛው ይጠቅማል።

ኒውሮፔፕታይድ ዋይ (ነርቮች የሚለቁት ኬሚካል)፣ የዲኤችኢኤ ለኮርቲሶል ጥምርታና ኤፍኬቢፒ5 የተባለው ጂን በጽናት ጥናቶች ስማቸው ይነሳል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በከባድ ወታደራዊ ሥልጠና ላይ ከነበሩ ሰዎች መልካም ምልክት አሳይተዋል። ለምርምር ይቆዩ፤ ኒውሮፔፕታይድ ዋይ ደሙ ወዲያው በበረዶ ካልተያዘ ይበላሻል፣ ጂን ደግሞ በሠራተኛ ፋይል ውስጥ የሚገባበት ምክንያት የለም።

መጠይቅ

ከሁሉም ርካሹና በአግባቡ ከተያዘ ከሁሉም ይልቅ የሚናገረው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት እሳት አደጋ ሠራተኞችን ለ2 ዓመት ተከታትሎ ነበር፤ በኋላ የመጣውን የፒቲኤስዲ ምልክት ከጠቆሙት ዋና ነገሮች መካከል ሲጀምሩ በመጠይቅ የታዩት ጠበኝነትና በራስ አቅም አለማመን ነበሩ። ስለዚህ ምራቅ ወይም ደም የሚለካ ሁሉ መጠይቅን መተው አይችልም።

ለማገገም አቅም 6 ጥያቄ ያለው አጭሩ የጽናት መለኪያ ይመረጥ። ጥያቄዎቹ በቀጥታ «ከችግር በኋላ ምን ያህል ቶሎ ትመለሳለህ» በሚለው ላይ ያተኩራሉ። ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 5 መልስ ይሰጣል፣ 2ኛው፣ 4ኛውና 6ኛው ተገልብጠው ይቆጠራሉ፣ አማካዩ ከ3 በታች ከሆነ ዝቅተኛ ነው። መገልበጡ ተረስቶ የጠፋ መረጃ ብዙ ነው። ለፒቲኤስዲ ምልክት ፒሲኤል-5 አለ፤ 20 ጥያቄ፣ ከ0 እስከ 80፣ ከ31 እስከ 33 ያለው ደግሞ በባለሙያ መታየት እንዳለበት የሚጠቁም ድንበር ነው። ትርጉሙ ወደ ሠራተኛው ቋንቋ ተመልሶና በሌላ ሰው ዳግም ወደ መነሻው ተተርጉሞ መመሳከር አለበት።

ድክመቱ መሸሸግ ነው። መልሱ ወደ አለቃ ይደርሳል ብሎ የሚፈራ ሰው «ደህና ነኝ» ይላል። ምራቅ ይህን ፍርሃት አያልፈውም፤ ምራቅም ቢሆን ወደ አለቃ ከደረሰ በፈቃዱ የሚሰጥ አይኖርም።

የትኛው ለማን

የሥልጠና ልምምድ ምን ያህል እንደሚከብድ ለማወቅ የምራቅ ኮርቲሶልና አሚሌስ ይያዙ፤ ከልምምዱ በፊት፣ ወዲያው ከኋላ፣ በ20ኛው፣ በ40ኛውና በ60ኛው ደቂቃ። ሁሉም ልምምዶች በአንድ ሰዓት ይካሄዱ፤ አንዱ ቡድን ጠዋት፣ ሌላው ከሰዓት ከሆነ የሚነጻጸረው ሰዓቱ እንጂ ሥልጠናው አይሆንም።

ከ24 ሰዓት ፈረቃ ወደ 12 ሰዓት መዞር ይበጃል ወይ ለሚል የፀጉር ኮርቲሶል ከለውጡ በፊትና ከ4 ወር በኋላ፣ ከእንቅልፍ መመዝገቢያና ከጽናት መጠይቁ ጋር። ፀጉር የማይኖራቸው ከበዙ የማታውን የምራቅ ናሙና ብቻ በተከታታይ የእረፍት ቀናት መውሰድ ይቻላል፤ የንቃት ሰዓት ጭቅጭቅ የለበትም።

ከከባድ ገጠመኝ በኋላ ሠራተኞችን ለመከታተል የጠዋት የልብ ምት ልዩነትና ፒሲኤል-5 ይበቃሉ። ፒሲኤል-5 ያለፈውን ወር ስለሚጠይቅ በመጀመሪያው ሳምንት አይሞላ፤ በወሩና በ3ኛው ወር ይሞላ። የልብ ምቱ ግን ከገጠመኙ በፊት የተያዘ መነሻ ከሌለው የሚነጻጸርበት ነገር ስለማይኖር ጥሪ ሳይመጣ በፊት በመላው ቡድን መጀመር አለበት።

ገንዘብ በጣም ካጠረ መጠይቁና የጠዋት የልብ ምት ልዩነት ብቻ ይያዙ፤ በጥሩ ሁኔታ የተያዘ ሁለት ነገር በግዴለሽነት ከተሰበሰበ ሰባት ይሻላል።

የትኛውም ቢመረጥ ውጤቱ ለቅጥር፣ ለእድገት ወይም ለማባረር አይውልም። ይህ ሥነ ምግባር ብቻ አይደለም፤ ከላይ እንደታየው አንዱም አመልካች ስለ አንድ ግለሰብ ያን ያህል እርግጠኛ ነገር አይናገርም። የስም ዝርዝሩና የናሙና ቁጥሩ በተለያየ ቦታ፣ ከአስተዳደሩ ውጭ ባለ ሰው እጅ ይቀመጡ፤ አለቃው የሚያየው የቡድን አማካይ ብቻ ይሁን፣ ከ10 ሰው ያነሰ ቡድን አማካይም አይሰጠው።

ከመጠይቆቹ መካከል የድባቴ መለኪያው ፒኤችኪው-9 ከተጨመረ ደግሞ 9ኛው ጥያቄ ራስን ስለመጉዳት ሐሳብ ነው። ወረቀቶቹ ወር መጨረሻ ላይ ተሰብስበው የሚተነተኑ ከሆነ ይህን ጥያቄ ማካተት አይገባም። ከተካተተ ግን በዚያው ቀን የሚያነበው ሰው፣ እርሱ ሲቀር የሚተካው፣ ሠራተኛው የሚጠራበት ስልክና የሚቀበለው የአእምሮ ጤና ባለሙያ ስም የመጀመሪያው ወረቀት ከመበተኑ በፊት ተጽፎ መገኘት አለበት።